ያልተነበበው እርማት

የምርምር ተቋሙ ሠራተኞች «እርማት» ይሏታል። ሌላ ስም አላት፤ ግን ከደመወዝ ክፍሉ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ተቋሙን ወክላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ከምታቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ሌላው አቅራቢ ሰላምታ አስቀድሞ፣ የዕለቱን አየር አወድሶ ይጀምራል። እሷ ግን አፏን የምትፈታው «ባለፈው ሳምንት የተሳሳትኩት ይህን ነው» በማለት ነው። የንብ ክንፍ አራት ሆኖ ሳለ ሁለት ብያለሁ፤ ስለ ጨረቃ ርቀት የጠራሁት ቁጥር ሁለት ዜሮ ጎድሎታል፤ የአጥኚዋን ማዕረግ ዘልያለሁ። ይህን ከተናዘዘች በኋላ ነው ወደ ሳምንቱ የምርምር ዜና የምትገባው። አድማጭም በዚህ ወደዳት። ታክሲ ውስጥ ድምፅዋን የለዩ ተሳፋሪዎች «ዛሬስ ምን ተሳሳትሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም «ገና ነው፣ ቅዳሜ ይጣራል» ትላለች። አንድ ጊዜ የጋዜጠኞች ማኅበር ለሐቀኝነቷ ሸልሟታል። ሽልማቱ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ወንበሯን ግን ጀርባዋን ለሽልማቱ እንድትሰጥ አድርጋ ነው ያዞረችው።

አሁን ፕሮግራሙ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ሬዲዮ አርጅቷል አለ። ከእንግዲህ የሚፈለገው በስልክ የሚታይ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። አሥራ አራት ገጽ ጥናት በሦስት ደቂቃ ለመናገር ዕድሜዋን ፈጅታ፣ አሁን ደግሞ በሃምሳ ሰከንድ ተባለች። አልከፋትም ማለት ውሸት ነው፤ ከፍቷታል። ግን መከፋቷን ለማንም አልተናገረችም፤ ካርቶን ለምና ቢሮዋን ማጽዳት ጀመረች።

ቢሮው ለማጽዳት የሚመች አይደለም። ካሴቱ ብቻ ሦስት መሳቢያ ሞልቷል። ከካሴቱ ሥር ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው ሥር ደግሞ ሌላ ደብዳቤ። አንዱ አድማጭ መብረቅ ጫማ ያደረገ ሰው ይመታ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዲት ሴት የባሏን ማንኮራፋት የሚያስቆም ምርምር ከተገኘ በስልክ ሳይሆን በአካል መጥታ እንደምትቀበል ጽፋለች። እያነበበች ብቻዋን ሳቀች። ያን ጊዜ ደብዳቤ በጆንያ ይመጣ ነበር፤ ጥበቃው ተሸክሞ ሲያመጣው «የአንቺ ወዳጆች ወገቤን ቆረጡት» ይላታል። ሰው መጠየቅ የማይታክተው፣ መልስም ለመጠበቅ ሁለት ሳምንት የማይበዛበት ዘመን ነበር። ናፈቃት፣ በጣም ናፈቃት።

ስለ ለጋሾቹ ብታወራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይወጣዋል። አንድ ሰሞን ውሃ ውሃ ይላሉ፤ ያኔ ተመራማሪው ሁሉ ጥናቱን እንደምንም ውሃ ያስነካዋል። ሌላ ሰሞን አፈር ይሆናል፤ ስለ ከዋክብት የሚያጠናው ሳይቀር ትቢያ ፍለጋ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ፕሮጀክቱ አለቀ ይባላል። ነቀዙ ግን ፕሮጀክቱ ማለቁን የነገረው ስለሌለ መብላቱን ይቀጥላል። ይህን ቀልድ የሰማችው ከነቀዝ ተመራማሪው ከራሱ ነው።

ባልደረቦቹ «ዶክተር ነቀዝ» ይሉት ነበር፤ እሱም በስሙ አይከፋም ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ በየመደርደሪያው ክዳናቸው ጥርቅም ያለ አፈ ሰፊ ጠርሙሶች፣ በየጠርሙሱ እህል፣ በእህሉ ውስጥ ነቀዝ። ሥራ በጀመረች በወሩ ልታነጋግረው ስትወርድ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ከጆሮዋ አጣበቀላት። «ዝም በይና ስሚ» አላት። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ቀጥሎ ከሩቅ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ የሚል ነገር መጣ። «ምሳ ላይ ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይረብሻቸው የሰጋ ይመስል። ያን ድምፅ ቀርጻ በሬዲዮ አሰማችው። የመጀመሪያው የደብዳቤ ጆንያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይንስ በጆሮ እንደሚገባ ያስተማራት እሱ ነው፤ ይህን የሚክድ አንደበት የላትም።

ከመጨረሻው መሳቢያ ሥር ያንን ወረቀት አገኘችው። መኖሩን ረስታው አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ እንዳለ እያወቀች መሳቢያውን ሳትከፍት የኖረችው እሱን ላለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተመራማሪው የአንድ ቁጥቋጦ ደረቅ ቅጠል ተወቅጦ ከእህል ጋር ሲቀላቀል ነቀዝ እንደሚገድል ደረሰበት። ስክሪፕቱን ጽፋ አሳየችው፤ አንድ ቃል ሳይነካ ፈረመበት። ስቱዲዮ ስትገባ ግን ድምፅ ቀጂው ሰዓቱን አይቶ «አሥራ አንድ ሰከንድ ይረዝማል፣ ቁረጪ» አላት። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና «አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ» የሚለውን ሰረዘችው። ቅጠል፣ ነቀዝ፣ ሞተ። ጥርት ያለ ዜና ወጣው። በዚያ ጠዋት በራሷ ኮርታ ነበር።

ሰው ሰማ፣ አመነም። ቅጠሉን ወቅጦ አፉ በተከፈተ ጆንያና አየር በሚገባው ጎተራ ከእህሉ ጋር ቀላቀለና ተኝቶ አደረ። የቅጠሉ ኃይል ሽታው ነው፤ ሽታው በሳምንት በነነ። በአራት ወር ውስጥ ደብዳቤው እንደገና በጆንያ መጣ፤ በዚህኛው ግን ወዳጅ አልነበረበትም። አንድ አባወራ «የስድስት ወር ቀለባችን ዱቄት ሆኗል፤ የሚበላ ዱቄት ግን አይደለም» ብሎ ጻፈ።

ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ማነው ያለ ክዳን ይሠራል ያለው?» ሲል የሰረዘችበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቷታል። ከባሏ ተለያይታ ሁለት ልጆች ይዛ ታላቅ እህቷ ቤት ተጠግታለች። ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው። ይሄኔ ዶክተር ነቀዝ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ስለ ክዳኑ አልነገርኳትም።» በኮሪደሩ ሲተላለፉ «ልጆች አሉሽ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ለጋሹ ፕሮጀክቱን አቋረጠ። ጠርሙሶቹ ታጥበው ለየቢሮው ታደሉና የጸሐፊዎቹ ስኳር መያዣ ሆኑ። እሱ ቤተ መጻሕፍት ተመድቦ ጡረታ እስኪወጣ መጽሐፍ ሲደረድር ኖረ። ሰላምታዋን በትሕትና ይመልሳል፤ ቆም ብሎ ግን አያወራትም። አዲስ የተቀጠሩት ሳይቀሩ «ቅጠሉ መጣ» እያሉ ይጠቋቆሙበት ነበር።

የመጀመሪያውን እርማት ያነበበችው በቀጣዩ ወር ነው። ሐሳቧ ከትንሹ ጀምራ ልቧን እያደፋፈረች ወደ ትልቁ ለመድረስ ነበር። ትንንሹ ግን አላልቅ አላት። መጀመሪያ ሥራዬን አጣለሁ አለች፤ ቀጥሎ ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱ አለች። ኋላ ሽልማቱ መጣና አፏን ጭራሽ ለጎመው። ሐቀኛ ተብሎ የተሸለመ ሰው ደግሞ የት ሄዶ ይናዘዛል? ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል ጸጉሯ ሸበተ።

ወረቀቱን ቤት ይዛ ሄደች። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስክሪፕት ሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው ለእሷ ነው፤ እግሯ ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳይነሳ ካዳመጠች ዜናው አልማረካትም ማለት ነው፣ እንደገና ይጻፋል። የዚያን ዕለት ለመጨረሻው ፕሮግራም የጻፈችውን እርማት አነበበችላት። መኪናው ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቆመ።

«እትዬ፣ አልጨረስኩም እኮ።»

«ጨርሺው።»

ጨረሰችው። እህቷ መርፌውን ከጨርቁ ነቅላ መነጽሯን አወለቀች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሄን ይዘሽ ነው ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ስትቀርቢ የኖርሽው?»

«ልነግርሽ ስል…»

«እኔን ተዪኝ። ሰውየው አለ?»

«አለ። እዚሁ ከተማ ነው።»

«ሄደሽ አይተሽዋል?»

«በየትኛው ዓይኔ?»

«በዚሁ ዓይንሽ ነዋ፤ ሌላ ከየት ልታመጪ ነው?» አለችና መነጽሯን መልሳ አደረገች። «በይ አንብቢው። ብቻ ‹ሳይታወቀኝ› ያልሽውን አውጪው። ታውቆሻል።»

እርማት ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ቃሉን ሰረዘችው።

ዓርብ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ትጉህ ሴት፣ ቢሮዋ ብቅ አለች። «ነገ እርማቱ ይለፈን፣ እናቴ» አለቻት። «የለጋሹ እንግዶች ስቱዲዮ ይገባሉ። የቪዲዮውን ሥራ እርስዎ በድምፅ እንዲመሩት አጭቻለሁ፤ ነገ ዓይተው ነው የሚወስኑት። ደስ የሚል ነገር ብቻ ይሁን።» ከልቧ አስባላት ነው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ጡረታ ስትወጣ ቤት መዋል ምን ያህል እንደሚያስፈራት ለማንም ባትነግርም ኃላፊዋ ገብቷታል። «አየዋለሁ፣ ልጄ» አለቻት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ ከመስታወቱ ወዲያ አዲስ ሱፍ ለብሰው ተደርድረዋል። ቀይዋ መብራት በራች። ወረቀቱን ዘረጋች።

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተሳሳትኩት ይህን ነው» አለች። «ነቀዝን የሚገድለው ቅጠል የሚሠራው አየር በማያስገባ ዕቃ ሲዘጋ ብቻ ነው። ተመራማሪው ይህን ነግሮኛል፣ ጽፎልኛል፣ ፈርሞበታል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እህላችሁ የተበላው በእኔ ነው። ጥፋቱን እሱ ሲሸከምልኝ ዝም አልኩ፣ ምርምሩ ሲዘጋም ዝም አልኩ። ቅጠሉ ዛሬም ይሠራል። እሱም ልክ ነበር።»

ኃላፊዋ መዳፏን ግንባሯ ላይ ጫነች። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ አዘነበለ። የቪዲዮው ድምፅ ሌላ ሰው እንደሚሆን ያኔውኑ ገባት። ቢሆንም ወደ ዜናው አለፈች፤ ስለ ወባ፣ ስለ አንድ አዲስ የድንች ዝርያ፣ እያንዳንዱን «ምናልባት» ከነቦታው እየጠራች አነበበች።

ከስቱዲዮ ስትወጣ ድምፅ ቀጂው የስልኩን መነጋገሪያ ዘረጋላት። «አንቺን ነው። ትልቅ ሴት ናቸው።»

«የዶክተሩ ባለቤት ነኝ» አሉ ሴትየዋ። ድምፃቸው የደከመ ነው። «ሰምቼሻለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ እኔ ልናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮኑን የሚከፍተው እሱ ነው። አንቺ እርማትሽን አንብበሽ ስትጨርሺ ይዘጋዋል። ዜናው ይቅርብህ ወይ ስለው፣ ‹የምጠብቀው የለበትም› ይለኛል። እልኸኛ ስለሆነ ነው እል ነበር። ለእኔም አልነገረኝም እኮ። እኔም ጥፋቱ የሱ ይመስለኝ ነበር። በተጣላን ቁጥር ያንን ቅጠል ስንቴ አንስቼበታለሁ መሰለሽ። የሰው እህል አስበልተህ፣ እያልኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹እኔ አይደለሁም› ብሎ አልመለሰልኝም።»

እርማት መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። ጥፋቷ ጎተራ ጎተራ ብቻ የገባ ይመስላት ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥም እንደገባ አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

«አሁን የት ናቸው?»

«ወንበሩ ላይ ነው። ዛሬ አልዘጋውም፤ ማስታወቂያ እየሰማ ነው፣ የጎማ ማስታወቂያ። ወዲህ አይዞርም።» ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ተሳሳትኩ ማለትን ለምደሽዋል። እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው?»

አንድ ሺህ ያህል ጊዜ ጀምራዋለች፤ አሁን ግን ከዚያ ሁሉ የሚጠቅማቸው አንድም ዓረፍተ ነገር አልመጣላትም።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች። «ብቻ እስከ ቅዳሜ አይቆዩ።»

ሴትየዋ ስልኩን ሳይዘጉት አስቀመጡት። የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የጎማው ማስታወቂያ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚባለው ለእሷ ጆሮ አልነበረምና መነጋገሪያውን ቦታው መለሰችው።