የጾም ቅባት

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገብቼ፣ ፀጉር እንዳይንጨባረር ያደርጋል የተባለ ቅባት ሳማርጥ፣ ሻጯ ልጅ የአንዱን ጠርሙስ ክዳን ከፍታ መዳፌ ላይ ጠብ ብታደርግልኝ፣ የተቀቀለ ተልባ ሽታ ድንገት መጥቶ ደብረ ታቦር፣ እናቴ ጓሮ ውስጥ አስቀመጠኝ። ልጅቱ ስለ ቅባቱ የምታስረዳኝን አልሰማኋትም፤ እጄን ደጋግሜ ሳሸት ቆይቼ «ተስማማዎት?» ስትለኝ ነው የባነንኩት።

ፀጉሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ረጅም ነው፣ ግን ምክር አይሰማም። ክረምት ገብቶ ከተማችንን ጉም ከጠዋት ሲሸፍናት፣ ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ድረስ እርጥበቱን ጠጥቶ፣ የተጎነጎነው ተፈትቶ፣ ከግንባሬ በላይ ይቆም ነበር። አባቴ በር ላይ ሲያገኘኝ «ይችን ልጅ ደግሞ መብረቅ መታት እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ከማፈር ይልቅ ነገሩ ይገርመኝ ነበር፤ አንድ ዓይነት ጉም ወርዶብን የጎረቤታችን ልጅ ፀጉር ለምን ተኝቶ የእኔ ለምን እንደሚነሣ ማወቅ እፈልግ ነበር።

ያን ጊዜ የፀጉሬ ነገር የእታለም ጉዳይ ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። መስከረም ጠብቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ አውጥታ ትቀመጥና፣ እኔን መሬት አስቀምጣ በሁለት ጉልበቶቿ መካከል ታጠምደኝ ነበር። ከዚያ በሚዶ፣ በዚያ ጥርሱ ረጅም በሆነ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ሥሩ ትፈታዋለች፤ ለጋ ቅቤ በጣቷ እየወሰደች ሥር ሥሩን ትቀባለች። እኔ ደግሞ መጠየቅ ነው። ለምን ከጫፍ ትጀምሪያለሽ? ቅቤው የት ይገባል? ፀጉር ሲቆረጥ ካላመመው ሲጎተት ለምን ያመዋል?

«ዝም ካላልሽ ጆሮሽን አብሬ እጎነጉነዋለሁ» ትለኝ ነበር።

በጥር እታለም ተዳረችና ወደ እብናት ሄደች። ሙሽሮቹ ሊሸኙ ሲሉ አንገቴን አቅፋ «ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ፀጉርሽን ማንም እንዳይቆርጠው፣ እኔ ነኝ የምሠራሽ» አለችኝ። ይህን ቃል እንደ ውል ያዝኩት። ስምንት ዓመቴ ነበርና ያገባች እህት እንግዳ እንደሆነች፣ እንግዳ ደግሞ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተጫውታ እንደምትሄድ ይገባኝ ነበር። እኔን ጉልበቷ መካከል የምታስቀምጥበት ምክንያት ፀጉሬ ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ እታለምም የእኔ መሆኗ ይቀራል ብዬ አምን ነበር።

በጋው እየከረረ ሲሄድ ፀጉሬ ብሶበት፣ አቧራና ፀሐይ ተባብረውበት የማይያዝ ሆነ። እናቴ ከማለዳ እስከ ማታ እህል በረንዳ ስትሸጥ ትውል ስለነበር አንድ ቀን ሚዶው ፀጉሬ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀርባት ትዕግሥቷ አለቀ። «ይኸን ጫካ የምመነጥርበት ጊዜ የለኝም። እስከ ሆሳዕና ካልተገራ ይላጫል» አለች፤ እናቴ ደግሞ ያለችውን የማትተው ሴት ነበረች።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ሰው ሁሉ ስለሚጾም በእኛ አገር ቅቤ የሚረክሰው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እናቶች የልጆቻቸውን ራስ በቅቤ የሚያጠግቡትም ያን ጊዜ ነው። እናቴም እፍኝ የሚሆን ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ጭናብኝ ወደ ገበያዋ ሄደች። ያ ዓመት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጾምበት ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው ልቆጠር ነው ብዬ ጠዋት ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ጓሮ ፀሐይ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቅቤው ይቀልጥ ጀመር፤ በግንባሬ ወርዶ፣ አፍንጫዬን ታክኮ፣ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ምላሴ እኔን ሳትጠይቅ ወጥታ ላሰችው።

«ጾሜን ገደፍሁ!» ብዬ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እናቴ ማታ ስትሰማ «በራስ ተቀብቶ ጾም አይገደፍም፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነበር፤ የፍስክ ወጥ የነካ ማንኪያ እንኳ የጾም ድስት ውስጥ አይገባም። ማንኪያ እንዲህ ከተጠነቀቁለት፣ የእኔ ራስ ከማንኪያ ያንሳል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ አልነካም አልኩ። እንዲያ ስል ግን ፀጉሬን የሚገራልኝን አንድ ነገር መተዌ ነበርና፣ ሆሳዕና ሳይደርስ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት መንገድ ዳር ወዳለው ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ጋሼ ስመኘው በጠባዩ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የጾም ቅባት አለ?»

«ዘይት ነው የምትይ?»

«አይደለም፣ የፀጉር ቅባት። የፍስክ ያልሆነ።»

ጥቂት አሰበና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አረንጓዴ ብልቃጥ አወረደ። ብልቃጡ ላይ ፀጉሯ እንደ ሐር የተኛ ሴት ሥዕል ነበረበት። ከምን እንደተሠራ ብጠይቀው አገላብጦ፣ ፊደሉን አይቶ አይቶ፣ «ከቅባት» አለኝ። ላም እንዳለበት ብጠይቀው «ላም አልሣሉበትም» አለ። ይህ አሳመነኝ፤ አባቴን ለምኜ አስገዛሁት። በማግስቱ ተቀብቼው ትምህርት ቤት ስሄድ አይሱዙዎቹ የሚያነሡት የመንገድ አቧራ በሙሉ ራሴ ላይ ተለጥፎ፣ ማታ ስመለስ ፀጉሬ አቧራማውን የወረታ መንገድ መስሎ ነበር።

ቀጥሎ ተልባን ያገኘሁት በራሴ ነው፤ እስከ ዛሬም ትንሽ እኮራበታለሁ። እናቴ ለጾም የዘፈዘፈችው ተልባ ውስጥ ጣቴን ብነክር ሙልጭልጭ ያለ ነገር ተከትሎኝ ወጣ። ቀቅዬ፣ በነጠላዬ ጫፍ አጥልዬ፣ ፀጉሬን በሙሉ ለቀለቅኩት። እርጥብ ሳለ በመስኮቱ መስታወት ራሴን አይቼ ማመን አቃተኝ፤ ተኝቷል፣ ወዝ አለው፣ እንደ ብልቃጧ ሴት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሲደርቅ ግን ቆርቆሮ ሆነ። የማጥለል ሙያዬም ደካማ ስለነበር ፀጉሬ ውስጥ የቀረውን ፍሬ ያዩ ዶሮዎቻችን ግቢውን ሙሉ ይከተሉኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጡ። እናቴ ዝም እንድል በዓይኗ ብታስጠነቅቀኝም መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኋቸው፤ «አባ፣ ቅቤ ራስ ላይ ቢደረግ ጾም ይገደፋል?»

እሳቸው አልሳቁም። «ቅቤው ሲቀልጥ ወዴት ነው የሚወርድ?» አሉኝ።

«ወደ አፌ።»

«እንግዲያ ግንባርሽ ላይ ሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ልጄ። ራስ አይጾምም።»

እፎይ አልኩ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ያ አረንጓዴ ቅባት፣ አቧራውና ተልባው አንድ ላይ ተጋግረው፣ ሚዶ አይደለም ውኃም የማያስገባ ሆነው ነበር። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ እናቴ ውኃ በሳህን፣ ምላጭ በእጇ ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና «ነይ ወዲህ» አለችኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ራሴን ስታርሰኝ ማልቀስም አልቻልኩም፤ ብቻ በልቤ የነበረው ወጣ። «ከተላጨሁ እታለም ስትመጣ ምኔን ትይዘዋለች?» አልኳት።

እናቴ እጇን ሰበሰበች። ምላጩን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጣ ሻሿን ፈታች። ከጥር ወዲህ ያለ ሻሽ አይቻት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። እታለም ለሠርጓ ሰሞን የሠራቻት ሹሩባ እንዳለ ነበር፤ ሥሩ አድጎ፣ ተጣብቆ፣ ከእኔም ብሶ።

«እሷ የሠራችውን ለመፍታት እጄ እምቢ አለኝ» አለች።

ያን ቀን እስኪመሽ ደጃፍ ላይ ዋልን። እሷ የእኔን በሙቅ ውኃና በቅቤ ከጫፍ ጀምራ ፈታችው፤ ከዚያ እሷ መሬት ተቀመጠች፣ እኔ ዱካው ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ ትከሻዋን ለመያዝ አነሰኝ። የእናቴን አናት ከላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሽበት ነበረበት፣ እኔም ምንም ሳልጠይቅ ዙሪያውን እየለየሁ ፈታሁላት። ከዚያ እሷ የእኔን፣ እኔም እንደምንም የእሷን ጎነጎንን።

የፋሲካ ማግስት እታለም መጣች። ጓዟን አስቀምጣ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሚዶ አምጡልኝ አለችና ነጠላዬን ከራሴ ገለጠችው። ሹሩባዬ እያብረቀረቀ ተኝቷል። ዞር ብላ የእናቴን አየች፤ ያም ተሠርቷል። ሚዶውን እንደያዘች መካከላችን ቆመችና «ለእኔ ምንም አላስቀራችሁልኝም?» አለች። ፈገግ ብላ ነበር፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ሞኟ ስለ ተልባዬና ስለ ዶሮዎቹ ልነግራት ስጣደፍ፣ እናቴ ዱካውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና በእጇ መሬቱን አሳየቻት። እታለም ተቀምጣ ሻሿን ፈታች፤ ያ የምቀናበት ፀጉሯ ደርቆ፣ ጫፉ ተበጣጥሶ፣ ወዙ ጠፍቶ ነበር።

«እዚያ ማን ነው የሚሠራሽ?» አልኳት።

«ማን ይሠራኛል» አለች።

ዛሬ የእኔ መደርደሪያ በጠርሙስ የተሞላ ነው፤ ለማጠቢያው ሌላ፣ ለማለስለሻው ሌላ፣ ለወዙ ሌላ። ጀርባቸውን አንብቤ፣ ከምን እንደተሠሩ ሻጮችን እስኪሰለቹኝ ጠይቄ ነው የምገዛቸው፤ እውነቱን ለመናገር ከቅቤ የተሻሉ ናቸው፣ ትራስም አያበላሹም። ፀጉሬን ለብቻዬ መስታወት ፊት ቆሜ እንደነገሩ ሳልቆይ እጨርሰዋለሁ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ እታለም እዚያው እብናት ናት፣ እጇም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ወደ እሷ ልሄድ ስል ግን ሁሉንም ጠርሙስ ትቼ፣ ፀጉሬን እንደቆመ ይዤው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። መናኸሪያ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔ ግን ለእህቴ የምታበጥረው ነገር ይዤላት እየሄድኩ ነው።