ረጅሙ ባና

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከሞተር ተራው ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ይዤ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ሱሪ አጠባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ባና ነው። ሸማኔው ከበግ ጠጉር የሠራውን ያመጡልኛል፣ እኔ ለክቼ እቆርጣለሁ፣ ጠርዙን እሰፋለሁ። ሞተረኛ ለምን ብርድ ልብስ የሚያህል ነገር ተከናንቦ እንደሚነዳ ያልገባው ሰው ካለ፣ የጓሳን ተራራ ነፋስ አንድ ቀን በሞተር ይቅመሰውና ከዚያ እናወራለን።

ታናሽ ወንድሜም ሞተረኛ ነው። ባናውን ሲያሰፋኝ፣ "እትዬ፣ ረዘም አድርጊልኝ፤ ጫፉን ወደ ኋላ ጣል ሳደርገው ያምራል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያምራል። የኛ አገር ሞተረኛ ባናውን በትከሻው ላይ አጣፍቶ ጫፉን ከኋላው ይለቀዋል። ቁልቁለት ሲወርድ እየተውለበለበለት ፈረሰኛ እንጂ ሞተረኛ አይመስልም። እኔም ለወንድሜ ስል ከሌላው ሁሉ በአንድ ክንድ አስረዘምኩለት፣ ጠርዙንም በድርብ ክር ሰፋሁት። ለብሶት ሲሄድ ከኋላው እያየሁ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

የወደቀው በግንቦት ነው። ተሳፋሪውን አድርሶ ብቻውን ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የባናው ጫፍ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባ። ጎማው ባናውን እየጠቀለለ ወንድሜን ወደ ኋላ ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው። ሄልሜቱ ተሰነጠቀ፣ ጭንቅላቱ ተረፈ። ቀኝ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ደብረ ብርሃን ወስደን በጀሶ ታስሮ ተመለሰ።

ባናውን ከጎማው ውስጥ እየጎተትኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠጉሩ ተቦጫጭቋል፣ ግራሶ ጠጥቷል። ስፌቴ ግን አልተፈታም። አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። ቢበጠስ ኖሮ ይለቀው ነበር። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለወንድሜማ በምን አፌ! እሱ እንደሆነ "ያንሸራተተኝ ጠጠሩ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ባናውን አሳጥቦ ከራስጌው ሰቀለው፣ መቀስም እንዳላስጠጋበት አስጠነቀቀኝ።

እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ መናደድ አልችልበትም። በማግስቱ መቀሴን ይዤ ሞተር ተራው መሐል ቆምኩ። "ባናችሁን አምጡ! አሳጥሬ፣ በቁራጩ መቀነት ሰፍቼ እሰጣችኋለሁ፤ በነፃ!" ብዬ ጮኽኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ተራ አስከባሪው፣ እሱም ሞተረኛ ነው፣ ምላሱ ከመቀሴ ይስላል፣ "እትዬ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ወንድምሽ ሳይወድቅ የት ነበርሽ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

አመመኝ። ያመመኝ ደግሞ እውነት ስለነበር ነው።

"ሞተርህን አቁመህ አስነሳ" አልኩት።

"ለምን?"

"አስነሳ አልኩህ!"

ለመሳቅ ብሎ ይሁን ፈርቶኝ አላውቅም፣ በመሐል ማቆሚያው አቆመና አስነሳው። ማርሽ ሲያስገባ የኋላ ጎማው ከመሬት ከፍ እንዳለ ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ሁሉንም ራቅ አስደረግኋቸው። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ወደ ጎማው ወረወርኩት።

ዐይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ነጠላዬ የለም። ሞተሩ አንዴ ተንዘፍዝፎ ጠፋ። በጎማውና በሰንሰለቱ መካከል የቀረው አንድ ጭብጥ የማይሞላ ጥቁር ጨርቅ ነበር። ሳቁ ቀጥ አለ።

"ይህ ባዶ ነጠላ ነው፤ ሌላው ጫፉ አንገታችሁ ላይ ቢሆንስ?" አልኩ።

ተራ አስከባሪው ጨርቁን ሲመነጭቅ ብዙ ቆየ። ከዚያ ባናውን አወለቀና የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠው። "እሺ አሳጥሪው። ግን አታስቀይሚው" አለኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! መኪናዬ ከጧት እስከ ማታ ሲንቀጫቀጭ ሰነበተ። አንዱ መቀነቱ ቀይ ጥለት ይኑረው ይላል፣ ሌላው የእሱን አይቶ ሁለት ጥለት ያዛል። እኔም አፌ ተፈታ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣውን ሁሉ "የሚያስብልህ ክርንህ ነው?" እያልኩ ጭንቅላቱ ላይ አስደፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሥራዬ ጥሞኝ አያውቅም።

ወንድሜ ቤት ስሄድ ግን ደስታዬ ይሟሽሽ ነበር። የበልግ ገብሱ ደርሷል፣ ሰኔ ገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ሚስቱ አራስ ናት። እሱ አልጋ ላይ ነው። ጎረቤቱ በየራሱ ማሳ ተጠምዷል። የኛ አገር በረዶ አንዴ ከወረደ የደረሰ ገብስ አራግፎ ነው የሚሄደው፤ ያ ገብስ ደግሞ የቤቱ የዓመት ቀለብ ነው። ሚስቱ ሕፃኑን እያጠባች በበሩ ሰማዩን ስታይ አየኋትና ለተራ አስከባሪው ነገርኩት።

"ታዲያ እኛ የማን ልጆች ነን? ማጭድ መያዝ መቼ ጠፋን!" አለ። ወደ ሞተረኞቹ ዞረና "ነገ ተራ የለም!" ብሎ ጮኸ።

ያን ጧት ምን ብዬ ልንገራችሁ! በተራ አስከባሪው ሞተር ከኋላ ተፈናጥጬ ዘወር ስል፣ ሠላሳ የሚሆን ሞተር መብራቱን አብርቶ በጉሙ ውስጥ ተሰልፎ ይከተለናል። ማጭዱ ሁሉ በጆንያ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ኋላ ታስሯል። አንድም የሚውለበለብ ባና የለም። መንደሩ ስንደርስ ጥሩንባውን አንድ ላይ ሲያስጮኹት ሰዉ ሠርገኛ መጣ ብሎ ወጣ። እኔም እልል አልኩ፤ ማን ከለከለኝ!

አጨዳው ተጀምሮ ረፋድ ላይ በሶ ሳዞር አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ጠላ የሌለው ደቦ? ለቅሶ ነው እንዴ?"

"አባቴ፣ ማታ በሞተር ነው የሚመለሱት፤ የጠጣ አይነዳም። ጠላቸው በጀሪካን ተቀድቷል፣ ቤታቸው ገብተው ይጠጡታል" አልኳቸው።

"እንግዲያው ፈረስ ይሻላል" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ፈረስ ጌታው ቢሰክርም ቤቱን ያውቃል።" ይህን ብለው ማጭዳቸውን አንሥተው ከአጫጆቹ ጋር ተሰለፉ፣ በሶውንም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ወንድሜን ከነአልጋው አውጥተን በሩ ላይ አስቀምጠነው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ሩጫ ሆነ። አጫጁ ያጭዳል፣ የቀረው ነዶ ተሸክሞ ይሮጣል፣ ተራ አስከባሪው ክምሩ አናት ላይ ወጥቶ "አቀብሉኝ! አቀብሉኝ!" ይላል። የመጨረሻው ነዶ ወጥቶ ክምሩ ሣር ሲለብስ የመጀመሪያዋ የበረዶ ጠጠር ግንባሬን መታችኝ። እልልታው ከነጎድጓዱ በለጠ። የወንድሜ ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ስታለቅስ አቅፌ አብሬያት አለቀስኩ።

በረዶው ሲያባራ ሞተረኞቹ መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ሄልሜታቸውን አጠለቁ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ወንድሜ የመጨረሻው እስኪሰወር ድረስ ከኋላ ከኋላቸው ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሚስቱን ባናውን እንድታወርድለት ጠየቃት። ተቀብሎ ጭኑ ላይ ዘረጋው፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። በድርብ ክር የሰፋሁት ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

እኔ ዐይኔን ወደ ክምሩ አዞርኩ።

"እትዬ" አለኝ፣ "ረዘም አድርጊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

ባናውን ዘረጋልኝ። መቀሴን ከመቀነቴ አውጥቼ እዚያው በሩ ላይ ቆረጥኩት። ሳልለካ ስለቆረጥኩት ጠማማ ሆነ። ላስተካክልልህ ስለው እምቢ አለኝ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይለብሰዋል።