ለስምንት ሰው የተያዘ ቪላ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሁለት ወር ሙሉ የአንድ ቤተሰብ የጉዞ ጣጣ ጫንቃዬ ላይ ወድቆ፣ ፓስፖርት ሰብስቤ፣ ፎቶ አስነስቼ፣ ቅጽ ሞልቼ፣ ቤት መርጬ ሳበቃ፣ እኔ ከተጓዦቹ ውስጥ እንደሌለሁ የተነገረኝ ምሳ ላይ ነው። ያውም እኔ የሠራሁትን ወጥ እየበሉ።

ነገሩን የጀመረችው ጣሊያን አገር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። እዚያ ለዓመታት በደመወዝ የሰው አሮጊት ስትጦር ኖራ፣ ለዘንድሮ ሐምሌ ረዘም ያለ ዕረፍት ፈቀዱላት። ደወለችልኝና "እትዬ፣ እዚህ ጣሊያን ከባህሩ ዳርቻ ለአስር ቀን ቪላ እንከራይ፤ ሁላችሁም ኑ፤ በሕይወት እያለን አንድ ጊዜ እንኳ አብረን እንረፍ" አለችኝ። "ቤቱን ግን አንቺ ፈልጊልን፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።"

እውነቷን ነው፣ አውቅበታለሁ። ጦር ኃይሎች ታክሲ መያዣው አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ የቪዛ ቅጽ መሙላት እንጀራዬ ነው። ስንቱን ሰው ካናዳና ዱባይ ሸኝቻለሁ። እኔ ግን አምሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ እህቴ "ሁላችሁም ኑ" ስትል ልቤ ዘለለ፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ቪላ ማየት ሆነ ሥራዬ። የሰዉ ፍላጎት ደግሞ ማለቂያ የለውም። መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ መኪና ማቆሚያ ይኑረው አለ፤ እዚያ ምን መኪና እንደሚያቆም እሱ ያውቃል። ሚስቱ ባኞ ቤቱ ሁለት ብቻ ነው ብላ ሦስት ቤት አስጣለችኝ፤ በዚያ ላይ ሽሮና በርበሬ ይዛ ስለምትሄድ ወጥ ቤቱ ሰፊ መሆን አለበት። ባህር ማዶ ድረስ ሄዶ ሽሮ ማንተክተክ ምን የሚሉት ዕረፍት ነው? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ መዋኛ ገንዳ ካልኖረው አልሄድም አለ። ባህሩ ደጁ ላይ ተዘርግቶ ገንዳ! ይህን ሁሉ እሺ እያልኩ ጻፍኩ። ደንበኞቼ ቆመው እየጠበቁኝ እንኳ የቤተሰቤን ጉዳይ ያስቀደምኩበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ አገኘሁት። ነጭ ቤት ነው፣ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፎች አሉ፣ በረንዳው ባህሩን ያያል። ውሃው እንዲያ ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ስላላመንኩ፣ ፎቶውን አሳምረውት ነው ብዬ እዚያ ያረፉ ሰዎች ያነሱትን እየፈለግኩ አየሁ። ያም ሰማያዊ ነው፤ ስልኬ ላይ ቅጹን ሞልቼ ቤቱን ያዝኩት። በረንዳው ላይ ሁለት የሸንበቆ ወንበሮች አሉ፤ የግራውን በሆዴ ለራሴ ያዝኩት። ጠዋት ሌላው ሳይነሳ እዚያ ቁጭ ብዬ ምንም ላለመሥራት። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሰልባጅ ተራ ጥቁር የዋና ልብስ ገዝቼ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከፎጣ ሥር ደበቅኩት። በዚህ ዕድሜዬ ማን አየኝ ብዬ ማፈሬ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ወንድሞቼ ከነቤተሰባቸው ቀራንዮ መጡ፤ እኔና እናቴ የምንኖርበት የአባታችን ቤት። ከንጋት ጀምሬ ስሠራ አርፍጃለሁ። የቪላውን ፕላን በትልቁ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፦ አራት መኝታ ቤት፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት አልጋ። ታላቅ ወንድሜ "እስቲ እንመዳደብ" አለ። እስክሪብቶውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ባህሩን የሚያየውን ክፍል ለራሱና ለሚስቱ ጻፈ። ሁለተኛውን ለሁለቱ ልጆቹ። ሦስተኛውን ለታናሻችንና ለሚስቱ። አራተኛውን ለጣሊያኗ እህታችንና ለባሏ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነና እጁን ወደ ሰሃኑ መለሰ።

"እኔስ? ሳሎን ነኝ?" አልኩ እየሳቅኩ።

የታላቅ ወንድሜ ሚስት አቀርቅራ እንጀራዋን ማጠቃቀስ ጀመረች።

"አንቺማ እማዬን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?" አለ ወንድሜ። ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ዝናብ ይዘንባል ብሎ እንደሚናገር ሰው ነበር ያለው።

"ማን ጠይቆኝ ነው፣ ጋሼ?"

"እንዴ! ለስምንት ሰው ብለሽ የያዝሽው ራስሽ ነሽ እኮ። እኔማ አስበሽበት መስሎኝ።"

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። የእንግዳ ብዛት፣ ስምንት። በገዛ ጣቴ የሞላሁት ነው። ፊቴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ጋለኝ።

ቤታችን መስቀል ሲደርስ ክትፎ የሚቀርበው ለየሰዉ በየሸክላ ጣባው ነው። ጣባውን የምቆጥረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። እናቴ ስታስተምረኝ "የተቀመጠውን ቁጠሪ" ነው ያለችኝ። የምታቀርበዋ አትቆጠርም፤ ሰው በልቶ ሲያበቃ ማጀት ቆማ የተረፈውን ትቀምሳለች። እኔም ቪላውን እንደ ጣባ ቆጥሬዋለሁ። ወንድሜ አራት፣ ታናሼ ሁለት፣ እህቴ ሁለት፣ አለቀ። በረንዳ ላይ ወንበር የመረጠች ሴት አልጋ መያዝ ትረሳለች? በራሴ በገንሁ። ግን እሺ፣ እኔስ ረሳሁ። ስምንት ሰው ምን ቢሆን ነው አንድ ላይ የሚረሳው? ፕላኑን ስልክላቸው፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ስይዝላቸው፣ ከስምንቱ አንዱ "እሷስ?" ማለት እንዴት ያቅተዋል?

ታናሽ ወንድሜ ነገሩ እንዲበርድ ብሎ ለጣሊያኗ እህታችን ደወለላት። ፊቷ ስልኩ ላይ ብቅ አለ።

"ወይኔ እትዬ! ስምንት ስትዪኝ እኮ አንቺ መምጣት አልፈለግሽም ብዬ ነው። በቃ አታስቢ፣ ባህሩን በቪዲዮ እናሳይሻለን።"

በቪዲዮ! ለምን አሸዋውንም በፖስታ አትልክልኝም?

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። "ግድ የለም፣ እኔ እቀራለሁ" እንድል ነው። ሰው አገር ቤት ለቅሶ ሲሄድ ብያለሁ፣ ሐዋሳ ለሠርግ ሲወርዱ ብያለሁ፣ ሌላ ጊዜም ሳልጠየቅ ብያለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

"ወይ ዘጠኝ እንሆናለን፣ ወይ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ" አልኩ ስልኬን ይዤ። "እስከ ሐሙስ ድረስ መሰረዝ ይቻላል።"

"ትቀልጃለሽ?" አለ ታላቅ ወንድሜ።

"ቅጽህን የሞላሁት እኔ። ቀጠሮህን የያዝኩት እኔ። ኮፍያህን አስወልቄ ሦስቴ ፎቶ ያስነሳሁህ እኔ። የምቀልድ እመስላለሁ?"

"እሺ እማዬስ? መድኃኒቷን ማን ይሰጣታል? ማን አብሯት ያድራል?"

"አንተ እደርላት። ሚስትህ ትደርላት። ካልሆነ ዕጣ አውጡ! አባባ ካረፈ ጀምሮ እኔ ነኝ ያለሁት፤ እናንተ ልጆቿ አይደላችሁም? አስር ቀን ያቅታችኋል?" ድምፄ ጎረቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ይሰማ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ሶፋው ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር።

"እስቲ ያን ወረቀት አምጡት" አለች።

ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ አልጋዎቹን ግን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ያየችው ወንድሜን አይደለም፤ እኔን ነው።

"ዘጠኝ ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እኔ ስጨመር አስር አይሆንም?"

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ "እማዬ፣ እዚያ እኮ ደረጃው ብዙ ነው" አልኳት። ልክ ወንድሜ "አንቺማ" ባለበት ድምፅ ነበር የወጣው።

"ደረጃ አልወጣም ብዬሽ አውቃለሁ?" አለች። "አንቺ ሱቅሽን ልትከፍቺ ስትሄጂ፣ እኔ በየጠዋቱ ያን ዳገት ወጥቼ መድኃኔዓለም ተሳልሜ የምመለሰው በማን እግር ይመስልሻል? እነሱስ ርቀው ነው የሚኖሩት። አንቺ ግን እዚሁ አብረሽኝ እያደርሽ፣ 'እማዬ፣ ትሄጃለሽ ወይ?' ብለሽ ጠይቀሽኛል?"

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከዚያ ፓስፖርት ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የመንደሩን ሰው ቅጽ ስሞላ፣ ለእናቴ አንድም ቀን ሞልቼላት አላውቅም።