የአያቴ ሬዲዮ ድንጋዮች

ስልኬ እየጋለና እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ካለ የስልክ ጥገና ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ጀርባውን ሲከፍተው የጋለ ባትሪ ሽታ መጣ፤ የአያቴ ሬዲዮ ሽታ።

አያቴ ኢተያ ውስጥ እህል ይነግዱ ነበር። በላስቲክ የታሰረው አሮጌ ሬዲዮአቸው ድምፁ ሲደክም የባትሪ ድንጋዮቹን ያወጡና መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል። መልሰው ሲከቷቸው ሬዲዮው ነፍስ ይዘራል። አጎቴ በመብራት የሚሞላ አዲስ ሬዲዮ አምጥቶላቸው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

«አባባ፣ አዲሱን ለምን አይከፍቱትም?» አልኳቸው።

«ከፍቼው ነበር፣ ልጄ። ዜናው መሐል ድንገት ጭጭ አለብኝ። ይኼኛው ግን ሲደክመው ድምፁን ዝቅ ዝቅ እያደረገ ይነግረኛል።»

ይህን ብለው ከመስኮቱ ያነሱትን ድንጋይ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ገና እንደተጣለ እንቁላል ይሞቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ባትሪ አልቆለታል» አለኝ ጠጋኙ። «አዲስ ላሳይዎት?»

«ነገ እመጣለሁ» ብዬ ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

የጭላሎ ተራራ ጉም ገና መገለጡ ነው። ባጃጅ ስጠብቅ እጄን አየሁት፤ የስልኬን ጀርባ ወደ ፀሐይ አዙሮ ይዟል።