ከግራና የተመለሰው መድኃኒት

በደርግ ጊዜ ወልድያ ተመድቤ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ክኒን እየቆጠርኩ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ከመስኮቱ የወጣ መድኃኒት ተመልሶ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በሽተኛ ሲድን ወይም ሲሞት የተረፈውን ዘመድ ያመጣል፣ እኛ በሣጥን እናጠራቅማለን፣ ከዚያ ኮሚቴ ተሰይሞ ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። በዚያ ዘመን ያለ ኮሚቴ የሚሆን ነገር ስላልነበረ፣ ክኒን ለማቃጠልም ሦስት ሰው ቆሞ መፈረም ነበረበት። ይህ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከመርሳ የመጣች ሴት ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ልቧን ያማታል፣ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም፤ ሁለት ሕፃናት ጎረቤት ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። የታዘዘላት የልብ ክኒን ካለቀ ሰንብቷል፣ ከደሴ የሚጠበቀው መኪናም አልመጣም።

"ደሴ ሄደሽ ሞክሪ" ብያት ነበር።

"ማን ይዞኝ ይሄዳል?" ብላ እዚያው ቁጭ አለች። ተቆጣኋት። አቅም ሲያንሰኝ ቁጣ ይቀናኛል።

ረፋዱ ላይ ግራና ከሚባለው ገጠር አንድ ሽማግሌ መጡ። አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ያህል በየወሩ እየመጡ ለባለቤታቸው የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ገበሬ ናቸው።

"የቤቴ ሰው ወደ አኼራ ሄደች" አሉኝ። "አላህ ይዘንላት። የተረፋትን አምጥቻለሁ፤ ለታመመ ስጥልኝ፣ ሰደቃ ይሁንላት።"

አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት ሰምታ ኖሮ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ሕጉ ትዝ አለኝ፤ በሆዴ አጥንቱ ድረስ ሰደብኩት። የመጣው ይምጣ ብዬ ልሰጣት ቆረጥኩ።

ሽማግሌው መጀመሪያ በየወሩ የምሞላላቸውን ሁለት ጠርሙስ አወጡ። ታጥበው ያበራሉ፤ የመድኃኒቱን ስም ጽፌ የለጠፍኩባቸው ወረቀት የለም። ቀጥለው አንድ የነጠላ ቁራጭ ፈቱ። ክኒኖቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ አንድ ላይ ተቋጥረዋል።

"አባባ፣ ምነው ቀላቀሏቸው?"

"የሰው ዕቃ ታጥቦ ነዋ የሚመለስ" አሉ፣ ጥያቄዬ ገርሟቸው።

ሁለቱም ዓይነት ትናንሽና ነጭ ናቸው። በጨርቁ ውስጥ ሲፋተጉ ምልክታቸው ጠፍቶ ዱቄት ለብሰዋል። አንደኛው እብጠቱን በሽንት የሚያስወጣ ነው። ሌላው ልብ የሚያረጋ፣ ትንሽ ከበዛ ግን ልብ የሚያቆም ነው። ይህንን ለሁለቱም ነገርኳቸው።

"ያለ እሱስ ልሞት አይደል? ስጠኝ" አለች ሴትዮዋ። አልሰጥም አልኳት።

"ቆይ ልጄ፣ እኔ እለየዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "በየወሩ ስመጣ'ኮ ጠርሙሱን አጥቤ ነው የማመጣው። ቀሪውን በዚችው ጨርቅ ቋጥሬ ቤት እተወዋለሁ። ስመለስ እየለየሁ ወደየጠርሙሱ እጨምረዋለሁ።"

ጨርቁን መስኮቱ ላይ ዘርግተው መልቀም ጀመሩ። "ይች የጧቷ ናት። ይችም።" ሦስተኛዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አገላበጡ፣ መልሰው አስቀመጡ። የመጀመሪያዋንም እንደገና አነሷት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

ነገሩ ሴትዮዋን ከእኔ ቀድሞ ገባት። "ይተውት አባባ" አለች ቀስ ብላ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ጠርቼ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቴ አልመጣችም።

ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው። በየወሩ የእኒህን ሰው ጠርሙስ ከፍ አድርጌ እያሳየሁ፣ "እንዲህ አጥባችሁ አምጡ!" እያልኩ ሰልፈኛውን ስገሥጽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቀሪውን የት አደረጉት ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

"ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከክኒኖቹ ሳያነሱ። "እሷንስ ሳጎርሳት የኖርኩት የትኛውን ነው?"

"አልተሳሳቱም አባባ" አልኩ።

"እስቲ ማልልኝ።"

ክኒኖቹን ከነጨርቁ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩ። መማል አቃተኝ።