ከመርዶ ነጋሪው የቀደመው ስልክ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በሰው ፊት የዋሸሁትን በጓዳ ብናዘዝ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ሶፍትዌር መሥራትን ያስተማረኝ የለም። ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ለቅሜ ተማርኩ። ልጄን ትርንጎንም እኔው አስተማርኳት፤ "አንድ መስመር ከመጻፍሽ በፊት የሚጠቀምበትን ሰው አስቢ" እያልኩ፣ ስትሳሳት እየተቆጣሁ።

ኋላ ሁለታችን ለጭልጋ ተወላጆች የመገናኛ መድረክ ሠራን። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ለቅሶውም በስልክ ይደርሳል። ትርንጎ ለሞት ዜና ማቆያ አበጀችለት፤ ሽማግሌ "ቤተሰቡ መርዶውን ሰምቷል" ብሎ ካላረጋገጠ ለማንም አይላክም። እኔ ግን ሰው በየሰዓቱ መድረኩ ላይ እንዲገባ፣ እንዲጽፍ ጓጓሁ። እንደ ለቅሶ ሰው የሚሰበስብ ነገር ደግሞ አልነበረም። ማቆያውን አነሣሁት።

"ምነው አባዬ?" አለች። "መርዶ እኮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። ስልክ ይቅደም?"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!"

"ያስተማርኸኝን ነው የምመልስልህ።"

አልሰማኋትም።

ከመድረኩ አባላት አንዷ እትዬ አለሚቱ ማንበብ አይችሉም። ሚኒባስ ውስጥ ስልካቸው ሲጮኽ አጠገባቸው ለተቀመጠች ተማሪ ሰጧት። "የማን ሠርግ ነው ልጄ? እስቲ አንብቢልኝ።" ልጅቱም ጮክ ብላ አነበበች። የሞተው የእትዬ አለሚቱ አንድያ ልጅ ነበር።

ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። "ማነው እንዲህ ያለ ነውር የሠራ?" አሉ አያ ደሴ። እኔ፣ ልጄን ስለ ውሸት ስቀጣ የኖርኩት እኔ፣ "ልጄ ትርንጎ ናት፤ ሥራውን ገና እየተማረች ነው" አልኩ።

ትርንጎ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ "እግዜር ይቅር ይበልሽ" ሲሏት "አሜን" አለች። በእኔ ኃጢአት አሜን አለች! ምን ዓይነት አባት ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? እኔ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር አልነካችም። ዛሬ እንፍራንዝ ከተማ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ "ያቺ ናት" ይባባላሉ።

አላወቅሁም ነበር አልልም። ማቆያው ለምን እንደተበጀ ከእርሷ በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። አሁን ማቆያውን መልሼዋለሁ፤ ለዚህም ጽሑፍ ይሠራል፤ የበደልኳቸው ከእኔው አፍ ሳይሰሙ አይላክም። ስልካችሁ ላይ ከደረሰ፣ አስቀድሜ እንፍራንዝ ትርንጎ ዘንድ ሄጃለሁ፣ እትዬ አለሚቱ ደጅም ቆሜ በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ ማለት ነው። ይቅር ብለውኝ ይሆን ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።