የአይጢት አውራ ጣት

አይጢት ያሏት ምግብ ስለምትወድ አይደለም። ምግብማ እንደ ወፍ ቆንጥራ ነው የምትተወው። የምትቆረጥመው የገዛ ጥፍሯን ነበር። አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ትቆረጥማለች፤ በር ሲንኳኳ ትቆረጥማለች፤ የፈረቃ አለቃው ወገቡ ላይ ያንጠለጠላቸው ቁልፎች ኮሪደሩ ላይ ሲንቃጨሉ ከተሰሙማ ከአስሩ ጣቶቿ የትኛውን እንደምታስቀድም ይጠፋታል። በሃያ ሁለት ዓመቷ ጥፍሮቿ እስከ ግማሽ አልቀው፣ ዳር ዳሩ ደም ቋጥሮ፣ ሰው የምትጨብጠው ጣቶቿን አጥፋ ነበር።

መቼም ሰው ያለ ነገር አይፈራም። እናቷ በዚያው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ባዘቶ ክፍል፣ ጥጥ ከመፈተሉ በፊት በሚፍታታበት አዳራሽ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። እዚያ ብናኙ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይውላል፤ ይተነፍሱታል፣ ይውጡታል፣ ፀጉራቸው ላይ ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። አሁን እናቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትስል ትውላለች። አይጢትም በተራዋ እዚያው ተቀጥራ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ስታስር፣ ያ ሳል ደረቷን እየጠየቀ የሚመጣ ይመስላት ነበር። የምትፈራው ይህን ነው። ሌላው ፍርሃቷ ሁሉ የዚህ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

እትዬ ጥፍር የፋብሪካው ጨርቅ መርማሪ ነበሩ። በዚህ ስም ፊት ለፊት የጠራቸው የለም፤ ከኋላቸው ግን ሌላ ስም ያላቸው አይመስልም። ጨርቁ መብራት በተገጠመለት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ ነጩን በዓይናቸው፣ ጥቁሩን በቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ይመረምሩታል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ዓይን ይሰንፋል፤ ጥፍር ግን ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እንከን ሲያገኙ በጠመኔ ምልክት አድርገው ጨርቁን የሸመነውን ማሽን ቁጥር ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ብናኝ አይገባበትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እጅ መታጠቢያው ጋ ተሰልፈው ሳለ፣ አይጢት ከኋላቸው ቆማ ሽርጣቸውን ስታይ ቆየችና እንደ ፈራች ተናገረች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሽርጥዎ ጀርባው ላይ አንድ ክር ዘሏል።»

እትዬ ሽርጡን አወለቁት፤ ጥፍራቸውን አሳለፉበትና መሀሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

አይጢት እጇን ከኋላዋ ሸሸገች።

«አሳዪኝ እንጂ፤ አልበላብሽም። አንቺው ጨርሰሽዋል።»

ጣቶቿን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይን ሰጥቶ ጥፍር ነሳሽ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ለአለቃው ነግሬ ወደኔ አዛውርሻለሁ። ጥፍርሽን ካሳደግሽ ወንበሬ ያንቺ ነው፤ ካላሳደግሽ ወደ ባዘቶሽ ትመለሻለሽ።»

እናቷ ያመጣችው መድኃኒት እሬት ነበር። አስሩንም ጣቶቿን ለቀለቀቻት። በመጀመሪያው ቀን አይጢት ምላሷ እስኪኮማተር መረራት፤ በሳምንቱ ግን ለመደችውና እሬቱን ልሳ ጨርሳ ወደ ጥፍሩ ትገባ ጀመር። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች እናቷ፣ ሳቅና ሳል እየተናነቃት። ዘዴውን ያወቁት እትዬ ናቸው። በአይጢት ሽርጥ ኪስ ውስጥ አንድ ክንድ የሚሆን ክር ከተቱላት።

«እጅን በባዶው አትከልክዪው፤ ሥራ ስጪው። ፍርሃትሽ ሲመጣ ቋጥሪ፣ ፍቺ። እንደገና ቋጥሪ፣ ፍቺ። ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ፤ ውሃ የበዛበት ጥፍር አቅም የለውም። ልትተኚ ስትይ ዘይት ቀቢው። አሳጥረሽ ቁረጪው፤ ስትሞርጂውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወዲህ ወዲያ ካልሽው ይሰነጠቃል። ከዚያ መታገሥ ነው።»

ክሩ ሠራ። ቁልፎቹ ሲንቃጨሉ አይጢት ኪሷ ውስጥ ትቋጥራለች፤ ሲርቁ ትፈታለች። በወሩ ጥፍሮቿ ብቅ አሉ፤ እንግዳ ቤት እንደገቡ ልጆች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ግን ስስ ነበሩ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ይነሳሉ። ትዕግሥት ደግሞ ፈሪ ቤት አያድርም። ፋርማሲ ገብታ ጥፍር የሚያጠነክር ቅባት ገዛች። «በሳምንት ሁለቴ፣ ስስ አድርገሽ። ካበዛሽው ያደርቀዋል» አላት ፋርማሲስቱ። እሷ የሰማችው «ያጠነክራል» የሚለውን ብቻ ነው። ጠዋት ቀባች፣ ማታ ደረበች፤ ለእትዬም ትንፍሽ አላለች። ጥፍሯ ጠጠር ሆነ። እትዬ በመጨረሻ ቀናቸው አውራ ጣቷን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉት።

«ጠንክሯል» አሉ። ጫፉን ዳበስ አድርገው ደግሞ «ብቻ እንዳይደርቅ» አሉና ወንበሩን ለቀቁላት። አለቃው የሁለት ወር ሙከራ ሰጣት።

በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩ ጨርቅ ላይ የተሳበ ክር አገኘች። ካርዱ ላይ «ሰባት» ብላ ጻፈች። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ። እንደገና ሰባት። በሦስተኛው ጊዜ አለቃው ራሱ መጣ፤ ካርዱን አይቶ «አንዴ ከደገመ ሰውዬውን አነሳዋለሁ፤ ባዘቶ ክፍል ሰው ጎድሎኛል» ብሎ ሄደ። ሰባተኛውን ማሽን ሃያ ዓመት ያንቀሳቀሱት ሽማግሌ ናቸው፤ ከማሽኑ ጋር ከመኖራቸው ብዛት ጋሽ ሰባት ነው የሚባሉት። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

በማግሥቱ ጠረጴዛዋ ጋ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ክሩ የሚሳበው ዳሩ ላይ ነው መሀሉ?»

«መሀሉ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«መሀሉ...» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «ሁለቴ ፈትቼ ገጠምኩት። ምንም አጣሁበት። እንግዲህ ዓይኔ ይሆናል የደከመው። አንቺ ያየሽውን ጻፊ እሺ? ለኔ ብለሽ እንዳትተዪ።»

ኮፍያቸውን ራሳቸው ላይ ሳይመልሱ ሄዱ። አይጢት ኪሷ ውስጥ ክሩን ስትቋጥር ዋለች።

አራተኛው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ነው። ጥቁሩ ጨርቅ ሲያልፍ አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፤ መሀሉ ላይ ያዝ አደረጋት። ጎንበስ ብላ አየች፤ ክር ተስቧል። ጠመኔውን አነሳች። ምልክት ልታደርግ እጇን ወደ መብራቱ ስታስጠጋ የአውራ ጣቷን ጥፍር አየችው። ጥጉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ስንጥቋ ውስጥ ጥቁር የክር ብጣሽ ተነክሶ ቀርቷል።

የደረቀው ጥፍሯ ነው የሚስበው። ጨርቁ ሲመጣ ደህና ነበር፤ እንከኑን ያወጣችው እሷው ናት። ሌላው ጨርቅ ወፍራም ስለሆነ ቻላት፤ ሰባተኛው የሚሸምነው ስሱን ጥቁር ነው፣ እሱ አልቻላትም። ሦስቱንም ሰባት የጻፈችው በገዛ እጇ ነው።

ያየ ሰው የለም። ኮሪደሩ ላይ ቁልፎቹ መንቃጨል ጀመሩ። እጇ ክሩን ፍለጋ ወደ ኪሷ አልሄደም፤ አውራ ጣቷ እንደ ድሮው ከንፈሯ ላይ ተገኘ። ጥርሷ ስንጥቋን አገኛት። አንዴ ብትነክስ ስንጥቁም፣ የክሩ ብጣሽም፣ ነገሩም ያበቃል። ካርዱ ላይ ሰባት ብላ ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የእናቷ ሳል ጆሮዋ ላይ መጣ። እሱን ተከትሎ ደግሞ ያ ኮፍያ። ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ባዘቶ ክፍል ገብተው ስንት ወር ይቆያሉ? ይህን እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል።

ጥርሷን አላቀቀች። አውራ ጣቷ ሌላ ነገር እንዳይነካ ከፊቷ ቀጥ አድርጋ ይዛው፣ የማሽኖቹን አዳራሽ አቋርጣ ሄደች። ወደ አለቃው ነበር የምትሄደው። ሠራተኛው ጣቷን በር የመታት መስሎት ከንፈሩን ይመጥላት ነበር።

አለቃው ብጣሹን በአጉሊ መነጽር አየው። ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ካርዶቹን አውጥቶ የተጻፉትን ሰባቶች አንድ በአንድ ሰረዛቸው።

«በቁጥሩ ፋንታ ስምሽን ጻፊበት» አላት።

ጻፈች። በሦስቱም ካርድ ላይ።

«እውነቱን ስለተናገርሽ አላባርርሽም። በዚህ ጥፍር ግን ጨርቅ አትነኪም። ይሄ የደረቀው አድጎ ተቆርጦ እስኪያልቅ ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ። እትዬን ከቤታቸው እጠራቸዋለሁ።»

የአውራ ጣት ጥፍር ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመታደስ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። አይጢት ይህን ያወቀችው ባዘቶ ክፍል ሆና ነው። ጋሽ ሰባት በየሳምንቱ በምሳ ሰዓት ይመጡና፣ ማሽናቸውን የሚያለሰልሱበትን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አውጥተው ጥፍሮቿን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሞርዱላታል። ስለሆነው ነገር አንድም ቀን አላነሱባትም። እሷም ቅባቱን ጣለች፤ ዘይት ቀባች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ቋጠረች፣ ፈታች። በስድስት ወር ውስጥ አንዲት ጥፍር አልቆረጠመችም።

ወንበሩ የተመለሰላት ዕለት እትዬ አውራ ጣቷን ይዘው አጠፍ አጠፍ አደረጉት። «አሁን ይታጠፋል፤ አይሰበርም» አሉ። የዚያን ቀን ማታ አይጢት ቤት ገብታ አስሩንም ጣቶቿን እናቷ ፊት ዘረጋች። እናቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና ሳቀች። አይጢት ራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።

ከጓዳ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደረቅና አጭር።

«ማነው የሳለው?» አለች እናቷ።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አይጢት ጓዳው ውስጥ ቆማ እጇን ወደ ኪሷ ከተተች፤ ክሩን አገኘችውና ቋጠረች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች።